የኩልሱም ጨው

«ሲጠይቁህ ተንተባተብ» አለች ኩልሱም፣ ባሏ ትከሻ ላይ ጋቢውን እያስተካከለች። «ያን ያህል አይከብድህም።»

ሻፊ ፈገግ ብሎ ገበያተኛው ወደተሰበሰበበት ዋርካ ሄደ።

የመቱ ገበያ ከጣልያኑ አዛዥ ጋር የሚነጋገርለት ሰው እየመረጠ ነው። አዛዡ ገበያውን ወደ ምሽጉ ሥር ካዛወረው ወዲህ ወታደሮቹ ማሩንም ጨዉንም ይቀምሳሉ፤ ቀምሰው ግን አይከፍሉም። አንድ ሰው ገብቶ «ወደ ድሮ ቦታችን መልሱን» ማለት አለበት። ባለፈው እንዲህ ሊል የገባው ሰው ታስሮ ከርሞ፣ ከስቶ ወጣ። ኩልሱምን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

በዚህ ገበያ ሲመረጥ እጅ አይወጣም። ሸቀጡን ጥሎ የሚሄድ ነጋዴ ስለሌለ፣ ሁሉም ዕቃውን ተሸክሞ ከመረጠው ሰው አጠገብ ይዘረጋል። ሸክም ነውና ለይሉኝታ ብሎ የሚነሳ የለም።

መጀመሪያ የጨርቅ ነጋዴው ሰማን ተናገረ። ባርኔጣ አለው፤ ጣልያንኛም ይሞካክራል። «አዛዡ ወዳጄ ነው። ነገ እገባለሁ፣ ከነገ ወዲያ ገበያችን ቦታው ላይ ነው።» ጥቂቶች ወዲያው ጠቅልለው ወደ እሱ ዞሩ። ኩልሱም በሆዷ መረቀችው።

«አንተስ፣ ሻፊ?» አሉ የገበያው ሽማግሌ ጋሼ አራርሳ።

ሻፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጣልያንኛ አላውቅም። አዛዡንም እፈራዋለሁ፤ ባለፈው ከሩቅ ሳየው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቻለሁ።» ገበያው ሳቀ። «ከላካችሁኝ እሄዳለሁ። እሺ ካለ እሺ አለ እላችኋለሁ። እምቢ ካለም እምቢ አለ እላችኋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ኩልሱም እፎይ አለች። ከዚህ የባሰ ንግግር ሰምታ አታውቅም።

አጠገቧ የተቀመጡት ማር ሻጯ እትዬ ዲሪቤ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ፈሪው» አሉ የማር ቅላቸውን እያቀፉ። «ሰማን እኮ ተገርፎ ቢወጣ እንኳ ተጋብዤ ነበር ነው የሚለን። አንቺስ አትነሺም?»

«መሬቱ ረጥቧል። ጨው ርጥበት አይወድም።»

«ኤዬ» አሉ እትዬ ዲሪቤ፣ እየሳቁ።

ከእሳቸው ኋላ የያዮ ቡና ሻጮች ተነሱ። ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ሸክላው። ሰማን አጠገብ ጨርቁን ዘርግቶ የነበረ አንድ ሰውም አንገቱን ደፍቶ መልሶ ጠቀለለ። ኩልሱም ቀና ስትል ዙሪያዋ ባዶ ሜዳ ሆኗል። ሻፊ በቅልና በጆንያ ተከቦ ያያታል፤ አይጠራትም።

«መንተባተብ እንኳ አይችል» አለች ለራሷ። የጨው ቅርጫቷን አንስታ በጭቃው መሃል ሄደች። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት።

ሻፊ ትከሻው ላይ ጋቢ የለም። ጋቢው ከእግሩ ሥር እርጥቡ ሣር ላይ ታጥፎ ተነጥፏል፤ በዚያ ሁሉ ግፊያ ማንም ዕቃውን አላሳረፈበትም።

ኩልሱም ጨውዋን እዚያ ላይ አስቀመጠች።