የመስኮቱ ሚስማር

ደብሪቱ ከጓሮ ገብታ ቀዝቃዛ መዳፏን ባሏ ማጅራት ላይ ትለጥፋለች። ጎበና ሻዩን ሊደፋ ምንም አይቀረው።

«ኧረ በማርያም! በረዶ ሆነሻል እኮ!»

«ታዲያ ማን ያሙቀኝ?» ትስቃለች። ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች።

እሱም ይስቃል። ቤታቸው እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ግን እሷ ሌሊት ላብ በላብ ሆና እየተነሳች መስኮቱን ስትበረግድ፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ ነው ያለፈው። ሁለት ሌሊት ብርድ ልብሱን ታቅፎ የሚሠራበት ሚኒባስ ውስጥ ሄዶ አደረ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱን በሚስማር መትቶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ለቀቃት፤ እሱም ተመስገን አለ።

ሳቁ መሃል ላይ ይቆማል። ሙቀቱ የመጣው በየቀኑ ከምትውጠው ክኒን ነበር።

ጡቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገች በኋላ ነርሷ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረድታቸዋለች። የደብሪቱን ካንሰር የሚያሳድገው የገዛ ሰውነቷ የሚያመነጨው የሴት ሆርሞን ነው፤ ክኒኑ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ከወሰን መገናኛ ታክሲ የሚነዳው ጎበና ወዲያው ገባው።

«ወንበሩ ተይዟል ማለት ነዋ!» ብሎ ነርሷን አሳቃት።

«አዎ፤ ግን ለዓመታት፣ በየቀኑ ነው። ሙቀቱ ከከበዳት መላ አለው፤ መጥታችሁ ንገሩን እንጂ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።»

መላ አለው ብላ ነበር። እሱ ግን መዶሻ አነሳ።

«ደብሬ፣ ክኒኑን መቼ ነው የዋጥሽው?»

የጋቢዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ደብሪቱ።»

«ከመስቀል ወዲህ ትቼዋለሁ።» ድምጿ ይቀንሳል። «ሚኒባሱ ወንበር ላይ ተኮማትረህ አድረህ ወገብህን ይዘህ ስትገባ አየሁህ። አንተን ከቤት የሚያስወጣ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል አልኩ።»

አፉን ይከፍታል፤ የሚቆጣው ግን እሷን አይደለም።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ፒንሳ ያወጣል። ሚስማሩ የመስኮቱን እንጨት ሰንጥቆ ይነቀላል፤ መስኮቱን ይበረግደዋል። የተራራው ብርድ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ እየሸተተ ደረቱን ይመታዋል።

«ዛሬ ሥራ አልወጣም። ሆስፒታል እንሄዳለን። ለነርሷ የምነግራት እኔ ነኝ።»

«ዝጋው ጎበና፣ ይበርድሃል» ትላለች ከኋላው።

አይዘጋውም። ሚስማሩን ጨብጦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብርዱ ላይ ይቆማል፤ ክኒኑ ከመጠቅለያው ተፈልቅቆ ሲወጣ የምትሰማውን ያቺን ትንሽ «ቀጭ» ይጠብቃል።