ሦስት ሰከንድ ጨለማ

«ስልካችንን በሳፋ ሰብስበሽ! እንደ ሌባ ፈትሸሽ! ለካ ልጄን ራስሽ ልታዋርጃት ኖሯል!»

ኤዶ ሙልኪ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ይዘው ይጮኻሉ፤ ኤዶ የምላቸው እንደ አክስት አክብሬ ነው። ወንበር እስባለሁ፣ አይቀመጡም። ልጃቸው ዐናብ ከገባች ጀምሮ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሱቁ ውስጥ ከሦስታችን ሌላ ሰው የለም፤ እሷ ግን ኒቃቧን አላነሳችም። የሰርጓ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ከተለጠፈበት ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሰማንያ ሺህ ሰው ጸጉሯን አይቶታል።

የሳፋው ነገር እውነት ነው። ጅግጅጋ ውስጥ የሴቶችን ሰርግ ስቀርጽ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ወንድ በማይገባበት አዳራሽ ሴቶቹ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ጸጉራቸውን ለቀው ይጨፍራሉ። እኔ መጀመሪያ ሰማያዊ ሳፋዬን ይዤ በር ላይ እቆምና የሁሉንም ስልክ እሰበስባለሁ። ውስጥ ያለው ካሜራ የእኔ ብቻ ነው። ቪዲዮውን በአንዲት ሲዲ አድርጌ ለሙሽራዋ እናት በእጃቸው አስረክባለሁ፤ ከዚያ ከኮምፒውተሬ አጠፋዋለሁ።

ስልክ ላይ ጫኚልን ሲሉኝ እምቢ ነው መልሴ። ቴሌቪዥን ከቤት አይወጣም፣ መጋረጃ ዘግታችሁ እዩት እላቸዋለሁ። ከተማው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ትቶ ስልኩ ላይ ካቀረቀረ በኋላም ይህንኑ ስል ነበር።

«ዐብዲራሺድ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀ ነው» ትላለች ዐናብ በቀስታ። ባሏ ነው፤ ከተጋቡ ገና ሁለት ወራቸው። «ከእናትሽ ቤት የወጣ ከሆነ እዚያው ቅሪ ብሎኛል። ከአንቺ ከቀራጯ ከሆነ ግን የባዳ ጥፋት ነው፣ እረሳዋለሁ ይላል።»

«ከእሷ ካልሆነ ከማን ሊሆን ነው?» ይላሉ እናቷ። «ሲዲው ወላሂ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም!»

የዐናብን ስልክ ተቀብዬ ቪዲዮውን እከፍታለሁ። መጀመሪያ የሻምፖ ማስታወቂያ ይመጣል፤ አምስት ሰከንድ ጠብቂ ይለኛል፣ እጠብቃለሁ። ከዚያ ዐናብ ትመጣለች፤ ጸጉሯ ወገቧ ድረስ ወርዶ፣ እየሳቀች። የአዳራሹን ድምፅ አጥፍተው የማላውቀው ዘፈን ጭነውበታል። የለጠፈው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዐናብ ይጥፋልኝ ብላ ሦስት ጊዜ አመልክታ ነበር፤ እስካሁን መልስ የለም።

ምስሉ ዘመም ብሏል። ወደ ኋላ መልሼ አየዋለሁ። በግራ በኩል ጥቁር ጠርዝ አለ፤ ከላይ ደግሞ የዳንቴል ጫፍ ተንጠልጥሏል። ይሄ ከኮምፒውተሬ የወጣ አይደለም። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ሲጫወት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ በስልክ ቀርጾታል። ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል፤ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ስሜ ተረፈ።

«ይዩ እስቲ፣ ኤዶ» ልል አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ጭፈራ ያልቃል።

በሁለት ጭፈራ መሀል ሦስት ሰከንድ ጨለማ አስገባለሁ፤ ያምራል ብዬ ነው። ምስሉ ሲጠቁር የአሮጌው ቴሌቪዥን መስታወት ክፍሉን መልሶ ያሳያል። አምፖሉ ይታያል፤ ከአምፖሉ ስር ደግሞ አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። የመነጽሯ አንድ እጀታ በነጭ ክር ታስሯል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ልጇን እየመረቀች መሆን አለበት።

ቀና እላለሁ። ኤዶ ሙልኪ በነጭ ክር የታሰረ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

ዐናብ መቼ ተነስታ ከኋላዬ እንደቆመች አላወቅሁም። እሷም አይታለች። እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች፤ ቀዝቃዛ ነው። ዓይኖቿን አያለሁ። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፤ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ።

እናደዳለሁ። እኔ ምን አጠፋሁ? ሐሙስ ሰርግ አለኝ፤ የሚመጣው ሳምንት ደግሞ ሁለት። ከእኔ ነው ካልኩ በዚህ ከተማ አንዲት እናት እንኳ ደግማ አትጠራኝም። ጨለማው ላይ መልሼ አቁሜ ላሳያቸው እችላለሁ፤ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። ስልኩ ላይ ዐናብ ተመልሳ መጥታለች፤ ጸጉሯን ወዲያና ወዲህ እያለች ትስቃለች።

«ምን አየሽ?» ይላሉ ኤዶ ሙልኪ።

«ከእኔ ነው የወጣው» እላለሁ። «የካሜራዬ ሚሞሪ ካርድ ጠፍቶብኝ ነበር። ፈርቼ ሳልነግራችሁ ቀረሁ።»

ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ጠበቅ ይላል፤ ከዚያ ይለቀኛል። ስድብ እጠብቃለሁ፤ ኤዶ ሙልኪ ግን አይሳደቡም። መነጽራቸውን መልሰው ያደርጋሉ፤ «አላህ ይፍረድ» ይሉና ወደ በሩ ይሄዳሉ።

ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ይላሉ። ስልካቸውን አውጥተው ፊቴ ላይ ያወዛውዙታል።

«እኔ እናቷ እንኳ ለማንም አላሳየሁም! ዱባይ ላለችው እህቴ ብቻ ነው የላክሁላት፤ ሰርጉ አምልጧት ስታለቅስ። ለእሷ ብቻ! እሷ እንዳንቺ አይደለችም።»

«እሺ፣ ኤዶ» እላለሁ።

ዐናብ የእናቷን ስልክ ከእጃቸው ላይ ቀስ አድርጋ ትወስዳለች። «ባትሪው አልቋል፣ እናቴ። እኔ ልያዝልሽ» ትላቸዋለች በሶማሊኛ። ስልኩ እንደበራ ነው። እንደበራ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ ዚፑን ትዘጋለች፤ ከዚያ እናቷን በክንዳቸው ይዛ ባሏ ወደሚጠብቅበት መኪና ትወጣለች።