ራጁን ለእኔ

ጀርመን አገር ሐኪም ዘንድ በቀረቡ ቁጥር ልጇ እየቀደመች ስለምትናገርላት ሴትዮዋ ለዓመታት ቅር ሲላት ኖሯል። እሷ ሕመሟን ዘርዝራ ትናገራለች፤ ልጅቷ በጀርመንኛ ሁለት ቃል ጣል ታደርግና "ነግሬዋለሁ እማዬ" ትላታለች። የዚያን ቀንም ሐኪሙ የሳንባዋን ራጅ ያሳየው ለልጅቷ ብቻ ነበር። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ።

"ምንም የለም አለ፣ እማዬ።"

"ምንም ከሌለ ምን አመድ አስመሰለሽ?"

"ኧረ አንቺ ደግሞ! ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ከሥራ መልስ በምትማርበት የጀርመንኛ ክፍል አስተማሪዋ ተማሪዎቹ ተጋግዘው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቃል አድላ በረድፍ ስታስቀምጣቸው፣ ለእሷ የደረሳት "ለእኔ" የሚለው ነበር፤ ወንበሯም የመጨረሻው። በራሷ ቋንቋ "ያሳዩኝ" ብላ ባንድ ቃል የምትጨርሰውን እዚያ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ፣ ቃል በቃል ነበር የተናገረው። አሁን ቃላቱን በልቧ አሰለፈቻቸው፦ ያሳዩ፣ እሱን፣ ለእኔ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ በጀርመንኛ ተናገረች።

"እማዬ፣ ተይ በፈጠረሽ!" ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

ሐኪሙ ግን ራጁን ሰጣት። የልጇን እጅ ሳትለቅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ዞር ብላ በገዛ አፏ ሐኪሙን ጠየቀችው።

"ይሄ ነጩ ምንድን ነው?"