የተፋቀው ትራምፔት

"ዞር በይና ቁሚ፤ እንዳታይ" አላት እንዳሻው ሚስቱን። ሣህሊቱ የምታጥፈውን ልብስ እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞረች። አልጋው ላይ ሁለት ትራምፔቶች ተጋድመው ነበር። አንዱ የሚጫወትበት ማርሽ ባንድ ሰሞኑን የሰጠው፣ ወርቃማ ቅቡ ፊት የሚያሳይ አዲስ ነው። ሌላው የራሱ አሮጌ ነው። መቻራ ከተማ ሰርግ ላይ ከነፋበት ወዲህ ድምፁ አልወጣ ቢለው፣ "ቅቡ ነው ያፈነው" ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ሰንብቶ ነሐሱን እርቃኑን አስቀርቶታል። ነገ ጭሮ አደባባይ ይዞት የሚወጣውን እንድትመርጥለት ፈልጎ ነበር፤ ከሷ ጆሮ በላይ የሚያምነው አልነበረውም።

መጀመሪያ አዲሱን ነፋ። ከዚያ የተፋቀውን አነሳና የቀረችውን ትንፋሽ ሁሉ አሟጦ ያንኑ ዜማ ደገመው።

"እሺ፣ የቱ ይሻላል?"

ሣህሊቱ ሳትዞር ሳቀች። "ልታታልለኝ ነው? ሁለቴም አንዱን ነው የነፋኸው።"

እንዳሻው ጥፍሩ ሥር የቀረውን የነሐስ ብናኝ አየው። ከንፈሩ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። የተፋቀውን ትራምፔት ድምፅ ሳያሰማ ከአዲሱ ጎን አስተኛው።

"አወቅሽብኝ" አላት።

"በል እንግዲህ፣ ሌላኛውን ንፋልኝ።"

"ደክሞኛል።"