ከፊልሙ የተቆረጠው የግሌኒስ ንግግር

«ቆርጠውታል!»

ግሌኒስ ፊልሙ ሳያልቅ ወጥታ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

እኔ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ትኬት የምቀበል ሽማግሌ ነኝ…

«ምኑን ነው የቆረጡት?» አልኳት።

«ንግግሬን ነዋ! ጭልፋ ይዤ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ… በቃ!»

ጃንጥላዋን እንኳ ሳትይዝ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው…

ግሌኒስ በትምህርት ቤታችን ምሳ አዳይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ። በዚህች ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ትንሽ ከተማችን ከእሷ ጭልፋ ያልበላ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም።

አምና ፊልም ሠሪዎች ከለንደን መጡ። አስቂኝ ፊልም ነው… ጉረኛ ርዕሰ መምህር ተማሪዎቹ መከራውን ሲያበሉት። እዚሁ የኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ቀረጹት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ርዕሰ መምህሩን ሆኖ የሚጫወተው ትልቅ ተዋናይ የተሰለፉትን ልጆች ሁሉ አልፎ ሳህኑን ዘረጋ።

ግሌኒስ ጭልፋዋን ቀና አደረገች…

«ሰልፉ ከኋላ ነው ጌታዬ!»

ይህን ቃል ለከተማው ልጅ ሁሉ ስትለው ነው የኖረችው። ተዋናይ ሆነ ማንም ሆነ ለሷ ያው ነው።

የፊልሙ አዘጋጅ በሳቅ ፈነዳ። «ይቺ ሴትዮ እንዳለች ፊልሙ ውስጥ ትግባልኝ!» አለ።

ገባች። ተቀረጸች።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት! ዳቦ ቤት ስትሄድ… አውቶቡስ ስትጠብቅ… «ፊልም ላይ እኮ እናገራለሁ» ነው።

ዓሣ ጠባሹ ክሊፍ ደግሞ ምላሱ አያርፍም። ልጅ እያለ ሰልፍ በዘለለ ቁጥር በጭልፋ እየመለሰች ያሳደገችው ነው።

«እሜቴ ኮከብ መጡ! መንገድ ልቀቁላቸው!» ይላታል ሱቁ በገባች ቁጥር። «ድንቹ ላይ ኮምጣጤ ይጨመርልዎ… ወይስ ኮከቦች ኮምጣጤ አይበሉም?»

«ዝም ብለህ ጨምር፣ አንተ ሰልፍ ዘላይ!»

ረቡዕ ፊልሙ እኛ ዘንድ ተከፈተ። ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ።

የሷ ቦታ ደረሰ… ርዕሰ መምህሩ ሳህኑን ዘረጋ… ግሌኒስ ጭልፋዋን ቀና አደረገች…

ፊልሙ ወዲያው ወደ ሌላ ትዕይንት አለፈ።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም።

የኛ ሰው እንዲህ ነው። ሰው ሲያፍር ካየ ፊቱን ያዞርለታል። እንደ ደግነት ነው የሚቆጥረው።

ለግሌኒስ ግን ዝምታው ከሳቅ በላይ አመማት።

በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ዝናቡስ እንዴት ነው?» አላት። ስለ ፊልሙ አንድም ሰው አላነሳም። ስለ ዝናብ ብቻ!

ቅዳሜ ማታ ጃንጥላዋን ልትወስድ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሰኞ ሥራዬን እለቃለሁ» አለችኝ።

«ምነው?»

«ልጆቹ ፊት ጭልፋ ይዤ በምን ዓይኔ ልቁም? ከተማው በሙሉ እየሳቀብኝ…»

ጃንጥላዋን ከጥግ አነሳችና…

«ክሊፍ እንኳ ትናንት ሱቁን ዘጋብኝ። ከተማው ሁሉ ዓሣ በሚበላበት በዓርብ ማታ! እናቱ የሞተች ሰሞን እንኳ ዓርብ ማታ ዓሣ ጠብሷል። ፊቴን ላለማየት ነው።»

እኔ ብዙ ማውራት አልችልበትም። ሰዓቴን አየሁ። አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ፊልም የሷ ቦታ ላይ እየደረሰ ነበር።

«ነይ» አልኳት።

«ሞቼ ነው የምገባው!»

«አትግቢ። እዚህ ቁሚ።»

የአዳራሹን በር ገርበብ አደረግኩት።

ሸራው ላይ ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን እየገፋ መጣ… ሳህኑን ዘረጋ… ግሌኒስ ጭልፋዋን ቀና አደረገች…

ከጨለማው ውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ… «አሁን!»

አዳራሹ በሙሉ፣ ሽማግሌው፣ ባለሱቁ፣ ሕፃኑ፣ በአንድ አፍ…

«ሰልፉ ከኋላ ነው ጌታዬ!!!»

ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ከዚያ ሳቅ… ፉጨት… ጭብጨባ። በገና ሰሞን የልጆች ትያትር ላይ ካልሆነ በቀር አዳራሽ ውስጥ የማይጮኸው የኛ ሰው!

ግሌኒስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማነው "አሁን" ያለው?»

«ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ሰውዬ።»

«ክሊፍ?!»

«ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ማታ አልቀረም፤ ሰዉን እንዲህ ያስጮኸዋል። ዓርብም እዚሁ ነበር።»

«እኔ በሌለሁበት?… ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ያፍራላ።»

መብራት በራ። ሰዉ መውጣት ጀመረ። ክሊፍ በሩ ላይ ግሌኒስን ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እ… ዝናቡ አባራ እንዴ?» አላት።

መልሷን እንኳ ሳይጠብቅ፣ የቆሙትን ሁሉ በትከሻው እየገፋ ቀድሞ ሊያመልጥ ሞከረ።

ግሌኒስ እንባዋን ጠረገች። ጃንጥላዋን እንደ ጭልፋ ቀና አደረገች…

«ሰልፉ ከኋላ ነው ጌታዬ!»

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበላት።

ክሊፍ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንገቱን ደፍቶ ተመለሰና መጨረሻ ላይ ተሰለፈ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ግሌኒስ ጭልፋዋን ይዛ ቦታዋ ላይ ቆማ ነበር።

ወገኖቼ… ዝም ያለን ሰው ሁሉ ይስቅብናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ፊት ለፊታችን ማመስገን ያፍርና ከጀርባችን ያከብረናል። ሰው ከጀርባ ሲታማ እንጂ ሲከበር ብዙም አልሰማንም… ግን አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።

እናንተስ? ሲያሾፍባችሁ የኖረ ሰው፣ በሌላችሁበት የቆመላችሁ ቀን አለ? ስሙን ጥቀሱና ጻፉልኝ… ልጄ ማታ ማታ እያነበበች ታሰማኛለች።