የወዳጆ ዝክርና ባዶው ቀን

ዘመኑ ፲፱፻፺፫ ዓ.ም. ነው። የጥር የመጨረሻው ቀን...

የበልጉ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ርሷል።

መንዝ ላይ በሬ ያለው ሁሉ ጠምዷል። ወዳጆ ግን የበግ ጠጉር ባናውን ደርቦ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

ጎረቤቱ ገሠሠ ጅራፉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ከማሳው መጣ።

"ወዳጆ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነው?"

"ማርቆስ።"

"ማርቆስ ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ ዝክር የሆነው?"

"ከዛሬ።"

"ነገስ?"

"ልደታ ናት።"

"ከልደታ ማግሥትስ?"

ወዳጆ በጣቱ ቆጠረ...

"ፈልጌ አላጣም።"

"የኔ በሬዎች ይህን ቢሰሙ ወዳንተ ጋጣ ይኮበልላሉ" አለ ገሠሠ።

ቀልዱን ተናገረ እንጂ ፊቱ አልሳቀም። ጥቂት ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ወዳጆ ቀድሞ ዝክሩ አንድ ነበር... ጊዮርጊስ።

አንድ ልጁ ምስክር ወደ ግንባር ሲዘምት "በሰላም መልስልኝ" ብሎ ተሳለ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ዳቦና ጠላ አቅርቦ ካህንና ችግረኛ ያበላል። በዕለቱ ሞፈር አይነካም።

ከመስቀል በኋላ ግን በዓሉ በዛ።

ሚካኤልን ጨመረ። ገብርኤልን ጨመረ። አቦን፣ ኪሮስን፣ አረጋዊን...

አንዳንዱ "መነነ" አለው። አንዳንዱ "ስንፍናውን በቅዱሳን ሸፈነ" ብሎ አማው።

ሚስቱ ጥሩሸዋ ግን አላማችም። ሊጥ ባቦካች ቁጥር "ምስክሬን አምጡልኝ" እያለች ቅዱሳኑን ትለምናለች። እህል የምትቀምሰውም ያን ዕለት ብቻ ነው። ዝክር በሌለበት ቀን ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ትተኛለች።

በማግሥቱ ለልደታ ዝክር የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ጻድቅ መጡ።

ዳቦው መዳፍ አይሞላም።

"ይቅር በሉኝ አባ" አለች ጥሩሸዋ። "ጎታው አልቆ ነው። ይሄም ከዘሩ ገብስ ላይ ዘግኜ ነው።"

አባ ወልደ ጻድቅ ባርከው ቆረሱ። ከዚያ ወዳጆን በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ አጥሩ ወሰዱት።

"ወዳጆ... እኔና ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ልንነግርህ ስንመላለስ ከረምን።"

"አውቃለሁ አባ።"

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ምስክር ሞቷል።"



"ማን ነገረህ?"

"ማንም። አብሮት የዘመተው የቀያችን ልጅ በመስቀል ሰሞን መጣ። እኔን ሲያይ መንገድ ቀየረ። ከዚያ ወዲያ 'የልጅህ ወሬ አለ ወይ' ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ገሠሠ እንኳ ዛሬ ማን ነው፣ ነገ ማን ነው ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም።"

"ገሠሠን የምልከው እኔ ነኝ" አሉ ቄሱ። "ባዶ ቀንህን እንዲያይልኝ።"

"ገብቶኛል።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ ዝክር..."

"ዝክር ያለበት ቤት መርዶ አይገባም። እናንተም በበዓል አትመጡም።"

ወዳጆ መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ።

"እኔስ ችዬዋለሁ። እሷ ግን ትሞትብኛለች ብዬ ነው።"

አባ ወልደ ጻድቅ መስቀላቸውን ጨበጡ።

"ልጄ፣ ቅዱሳኑን ዘከርካቸው... ወይስ ደጅህ ላይ ዘብ አቆምካቸው?"

ወዳጆ ቀና ብሎ ቤቱን አየ።

ከዚያ "ነገ ባዶ ነው" አለ። "በጠዋት ኑ።"

መጡ። ሽማግሌዎቹ ባናቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ደጁን ሞሉት።

ጥሩሸዋ ብቅ አለች። ሰዉን አይታ ደነገጠች። ደንግጣም የፈራችው ሌላ ነገር ነው።

"ወዳጆ፣ እንግዳ ጠርተህ እንዴት አትነግረኝም? አንድ ጠብታ ጠላ የለም እኮ።"

ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወዳጆ ቀደማቸው።

"ጥሩሸዋ... ምስክር አይመጣም። ሞቷል።"

ሁሉም ትወድቃለች ብሎ ጠበቀ። አልወደቀችም። የበሩን መቃን ያዘች።

"አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከመስቀል።"

"ከመስቀል..." አለች ቀስ ብላ። "እኔ ይሄን ሁሉ ወር አምጡልኝ እያልኩ ስለምን፣ ልጄ ካህን ሳይፈታው፣ ተዝካር ሳይወጣለት... ለነፍሱ አንድ ማረው የሚልለት አጥቶ ከረመ?"

ወዳጆ ይህን አላሰበውም ነበር።

እሷን ከሐዘን ሲጠብቅ፣ ልጁን ከጸሎት ከልክሎታል።

ያኔ ለቅሶው ተነሣ...

ሚስቱን ያጽናና ዘንድ ወዳጆ እጁን ዘረጋ። ጥሩሸዋ ሸሸችው። ሰው እያየ ሸሸችው።

ያን ዕለት ወዳጆ አንድ ነገር ቆረጠ።

ጎታው ስር የቀረችውን የዘር ገብስ ጠራርጎ አወጣ። በስልቻ አድርጎ ለገሠሠ ሚስት ለአልጣሽ ሰጣት።

"ለምስክር ተዝካር ጥመቂልኝ" አላት።

"መሬትህስ ምን ሊዘራበት ነው?"

"ምንም።"

የዚያን ዓመት በልግ የሰው ሁሉ ማሳ አረንጓዴ ሆነ። የወዳጆ ግን ጥቁር መሬት እንደሆነ ከረመ። ጥሩሸዋም አብራው ኖረች እንጂ ሊጥ አቡክታ የቅዱሳን ስም ስትጠራ ዳግመኛ የሰማት የለም።

ወገኖቼ... ዝክር መልካም ነው፣ በዓል ማክበርም መልካም ነው። ነገር ግን ከእውነት መሸሸጊያ ስናደርገው ለቅዱሳኑም ክብር አይሆንም፣ ለእኛም በረከት አይሆንም። የምንወደውን ሰው ከሐዘን አድናለሁ ብለን የሚያለቅስበትን ጊዜ መቀማት የለብንም። ሐዘኑ የእሱም ነው።

እናንተ በወዳጆ ቦታ ብትሆኑ ለጥሩሸዋ ያኔውኑ ትነግሯት ነበር... ወይስ እናንተም አንድ በዓል ትጨምሩ ነበር?

እውነቱን ጻፉልኝ።