የተቆለፈበት ካቻቢቴ

የልጄ የትርሲት ቁጥር ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን ይበራል። ምህንድስና የመግባት ዕድሏ ከመቶ ስንት እንደሆነ በየደቂቃው ይነግረናል። ስታጠና ይወጣል፣ ሐሳቧ ሌላ ነገር ላይ ሲሄድ ይወርዳል። መቁረጫ ነጥቡ ሰባ አምስት ነው፤ የሚያዝላትም ዛሬ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር ነው።

የኤሌክትሪክ ምድጃችን ከተበላሸ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ዳቦ በሙዝ እየበላን ነው። ድሮ ቢሆን ትርሲት በአንድ ቀን ትሠራው ነበር፤ አራተኛ ክፍል ሳለች የጎረቤታችንን ሬዲዮ ፈትታ የገጠመች ልጅ ናት። አሁን ግን ካቻቢቴ በነካች ቁጥር ዕድሏ ስለሚወርድ፣ ዕቃዎቿን በሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ።

ስለምነው የከረምኩት ጠጋኝ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ግድግዳው ሰባ አምስት ይላል። ሰውዬው ምድጃውን ሳሎን ወለሉ ላይ ገልብጦ ሽቦውን መንቀል ጀመረ።

«ሽቦው ደህና ነው» አለች ትርሲት ከክፍሏ። «የተቃጠለው ማብሪያ ማጥፊያው ነው።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? አጥኚ!» አልኳት።

ሰውዬው ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትቶ አየና ሳቀ። «እውነቷን ነው። ልጅዎ መሐንዲስ ናት እንዴ?»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ሰባ አራት።

ሄጄ በሩን ዘጋሁባት።